አሥራ አምስት ወይስ ሃምሳ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ሰነበታችሁ? ደሴ ላይ ዛሬ ጉሙ ቀኑን ሙሉ አልተገፈፈም። የጦሳ ተራራ ጨርሶ አይታይም። በሬን ዘግቼ፣ ጋቢ ደርቤ ነው የምቀዳው። ጠብ ጠብ የሚል ነገር ከሰማችሁ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው።

ዛሬ ስለ እንግሊዝኛ ላወራችሁ ነው። ሰዋስው ላስተምር አይደለም። አፋችንን ስለሚይዘን ነገር ነው።

የእኔ የጀመረው ዘጠነኛ ክፍል ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃን ማስተማሪያ እንግሊዝኛ አደረገው። እና ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ክፍል ስትገቡ፣ የምታውቁት ነገር ሁሉ ስሙን ቀይሮ ይጠብቃችኋል። "ብርሃን አስተፃምሮ" ብዬ የተማርኩት "ፎቶሲንተሲስ" ሆነብኝ። ነገሩን አውቀዋለሁ። ስሙ ነው የጠፋኝ።

አንድ ቀን መምህሩ "ተነሽና አንብቢ" አሉኝ። ምንባቡ ውስጥ "ኖውሌጅ" የሚል ቃል ነበር፤ ዕውቀት ማለት ነው። መጀመሪያው ላይ ኬ አለች። እኔ ያየሁትን አነበብኩ። "ክኖውሌጅ!" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቁ። ዓመቱን ሙሉ ስሜ "ክኖው" ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ እጄን አላወጣሁም። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ የእንግሊዝኛ ፈተናዬ ጥሩ ነበር። በአፌ ግን ለሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

ከዓመታት በኋላ ነው ያቺ ኬ ድሮ ትነበብ እንደነበር ያነበብኩት። እንግሊዞቹ ራሳቸው "ክ" እያሉ ይጠሯት ነበር! ዊልያም ካክስተን የማተሚያ መኪና ወደ እንግሊዝ ያስገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1476 ነው። ኅትመት አጻጻፉን እያጸናው ሄደ። የሰው አፍ ግን መለወጡን አላቆመም። ስለዚህ ዛሬ የምናነበው የድሮ ሰዎችን አነጋገር ነው። ዕዳ ለማለት "ዴት" ሲሉ መሀሉ ላይ የሚጽፏት ቢ ደግሞ በእንግሊዝኛ ተነባ አታውቅም። ሊቃውንት ቃሉ የላቲኑን "ዴቢቱም" እንዲመስል ብለው የጨመሯት ናት።

ይህን ሳነብ ያቺ ቆማ የምታነብ ልጅ ትዝ አለችኝ። አሳዘነችኝም። ያነበበችው የተጻፈውን ነው። በፊደል ያደገ ሰው ያየውን ድምፅ ያምናል፤ "ቤ"ን ካየ "ቤ" ይላል። እንግሊዝኛ 26 ፊደላት ይዞ ወደ 44 የሚጠጉ ድምፆችን ይናገራል። አንዱ ፊደል የሦስት የአራቱን ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

ሥራ ያገኘሁት ኮምቦልቻ ነው፣ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ የሀረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ። ደሴ የለበስኩትን ጃኬት ኮምቦልቻ ስደርስ አወልቃለሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን በልቤ እለማመዳለሁ። ግን በአማርኛ አስቤ ነው የምገለብጠው። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ የእነሱ መሀል ላይ ነው። ግሱን ስፈልግ ወሬው ጥሎኝ ይሄዳል። ኢሜይል ስጽፍ ደግሞ ያቺ "በ" ታስጨንቀኛለች። በመኪና መጣ፣ በሌሊት መጣ፣ በቢላ ቆረጠ። ለእኛ አንዲት "በ" ናት። እንግሊዝኛ ላይ አንዱ "ባይ"፣ አንዱ "አት"፣ አንዱ "ዊዝ" ይሆናል። ትልልቆቹን ቃላት መዝገበ ቃላት ይነግረኛል። ሰዓቴን የሚበሉት እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው።

ተቆጣጣሪያችን ከሩቅ ምሥራቅ የመጡ ትልቅ ሰው ነበሩ። እንግሊዝኛው ለእሳቸውም የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው። "ዩ" ብዬ ስጠራቸው ይከብደኝ ነበር። ወሎ ያደገ ሰው ትልቅ ሰውን አንቱ ሳይል ያናግራል? እንግሊዝኛ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም ያለው አንድ "ዩ" ነው። እኔም አክብሮቱን በድምፄ ላሳይ እያልኩ ዝቅ አድርጌ አወራለሁ። ዝቅ ሲል ደግሞ አይሰማቸውም።

አንድ ቀን ካርቶን እንዳስጭን አዘዙኝ። ያሉት "ፊፍቲን" ነው። እኔ የሰማሁት "ፊፍቲ" ነው። ተጠራጥሬ ነበር። "ስንት አሉኝ?" ማለት የአንድ አፍታ ነገር ነው። ግን ያ የክፍሉ ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ። "ኦኬ" ብዬ ሄድኩ። ሃምሳ ካርቶን ተጫነ። ሠላሳ አምስቱን ለማውረድ ጫኝ ልጆቹ የምሳ ሰዓታቸውን አጡ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰውዬው አልተቆጡም። እስክሪብቶ አውጥተው መዳፋቸው ላይ 15 ጻፉ፣ ከሥሩ 50። ከዚያ በኋላ "ዋን ፋይቭ"፣ "ፋይቭ ዜሮ" እያልን ሠራን። የሁለቱ ቃላት ልዩነት የቱን ክፍል ጫን እንደምንለው ነው። "ፊፍቲን" ላይ መጨረሻው ይጠብቃል፣ "ፊፍቲ" ላይ መጀመሪያው። ጊዜ ያለው ሰው ይህን ይለማመድ እላለሁ። ግን "ስኩል"ን "እስኩል" ብንል፣ "ዚስ" ስንል ምላሳችን ጥርሳችን መሀል ባይገባ፣ ሰው ይረዳናል። እናቴ ፖሊስን "ቦሊስ" ነው የምትለው፤ ማን ሳይገባው ቀረ?

እኚሁ ሰው አማርኛ ይሞክሩ ነበር። "ጠ" እና "ቀ" አይወጡላቸውም። ጦሳን "ቶሳ"፣ ቀጠሮን "ከተሮ" ይላሉ። ሠራተኛው ግን "ጎበዝ!" እያለ ያጨበጭብላቸዋል። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ ከልቤ። አንድ ቀን እያጨበጨብኩ ሳለ እጄ ቆመ። ለእንግዳው እንዲህ የምንሰጠውን ጭብጨባ ለራሳችን ልጅ ነፍገን፣ ሳቅ ነው የሰጠናት። እባካችሁ አስተማሪዎች፣ እባካችሁ ወላጆች፣ ቆሞ የሚያነብ ልጅ ላይ አትሳቁ። አርሙት። ግን አትሳቁበት።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዘጠነኛ ገብታለች። ባለፈው ሳምንት ቢላ የሚለውን ቃል "ክናይፍ" ብላ አነበበችልኝና ፊቴን አየች። "አብሽሪ፣ ድሮ እንደዚያ ነበር የሚባለው" አልኳት። "ታዲያ ለምን አያጠፏትም?" አለችኝ። እስኪ ፀሐይ ብለሽ ጻፊ አልኳት። "ጸሀይ" ብላ ጻፈች። ከሥሩ "ፀሐይ" ብዬ ጻፍኩላት። "ሐ" በግዕዝ የራሷ ድምፅ ነበራት፣ ከጉሮሮ የምትወጣ፤ ዛሬ በአፋችን ከ"ሀ" ጋር አንድ ሆናለች አልኳት። ሁለቱንም ጮክ ብላ አነበበቻቸው። አንዴ፣ ደግማ። ከዚያ ወደ መጽሐፏ ተመለሰችና፣ ጓዳ ያለችው እናቷ እስክትሰማ ድረስ፣ "ናይፍ!" አለች።