መስከረም 23፣ ጊዮርጊስ ግቢ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምቀዳው ከቤት ነው፣ ከባሕር ዳር። መስኮቱን ከፍቼዋለሁ፤ የውጭ ድምፅ ከገባ ይቅርታ አድርጉልኝ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ጣና ጢም ብሎ ሞልቷል። ዳር ያለው ደንገል ግማሹ ውኃ ውስጥ ነው።

ጠዋት ጊዮርጊስ ነበርኩ። መስከረም 23 አይደል። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲበተን እዚያ አሮጌ የድንጋይ ቤት አጠገብ ቆምኩ። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ቤቱን ያውቀዋል። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው፣ ኢየሱሳውያን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የመጣ ቄስ ያሠራው ነው ይባላል። በልጅነቴ ስንት ጊዜ አጠገቡ ተጫውቻለሁ። ዛሬ ግን ሌላ ሰው እያሰብኩ ነው ያየሁት።

በዚችው ቀን፣ መስከረም 23 ቀን 1919 ዓ.ም.፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ሮም ላይ አንድ የጎጃም መነኩሴን ብፁዕ ብለው አወጁ፤ በካቶሊክ ዘንድ ከቅድስና በፊት ያለ ማዕረግ ነው። አባ ገብረ ሚካኤልን። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሰማዕትነት ነው የምታከብራቸው። መጽሐፍ ላይ ያገኘሁት ቀን በፈረንጆቹ ነበር፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1926። ወደ እኛ ስመልሰው ጊዮርጊስ ላይ ዋለ። የሊቀ ሰማዕታት ቀን ላይ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

እኔ ተዋሕዶ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ስለ ሌላ ቤት ሰው ነው የማወራው፣ በአክብሮት።

በጣና ዙሪያ «ካቶሊክ» የሚለው ቃል ከባድ ነው። ከባድ የሆነበት ምክንያትም አለ። ፓኤዝ በ1614 ዓ.ም. እዚያ ማዶ፣ ጎርጎራ ላይ ሞቱ። አፄ ሱስንዮስ ሃይማኖታቸውን ለውጠው አገሩን በግድ አስከትላለሁ ሲሉ ወንድም ከወንድሙ ተራረደ። በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የሚለውን ሁላችንም እየሰማን ነው ያደግነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ካቶሊክ ሲባል ፈረንጅ ይታሰባል፣ መርከብ ይታሰባል፣ ጠመንጃ ይታሰባል።

አባ ገብረ ሚካኤል ግን ከመርከብ አልወረዱም። የምሥራቅ ጎጃም ሰው ናቸው። በ1780ዎቹ መጀመሪያ ተወልደው በመርጡለ ማርያም ገዳም ተማሩ፣ መነኮሱም። እቴጌ እሌኒ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩባት መርጡለ ማርያም ናት። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። በቀረችው በአንዷ ዓይን ያን ሁሉ ብራና አነበቡ። ጎንደር ወጡ፣ ከገዳም ገዳም ዞሩ፣ መጻሕፍት ፈለጉ።

ምን ነበር የሚፈልጉት? ዘመኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ሊቃውንቱ ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ እየተባባሉ የተከፋፈሉበት ጊዜ ነው። ጎጃም የቅባት አገር ነበር። ክርክሩ ስለ ክርስቶስ ነው፦ መለኮትና ሥጋ እንዴት ተዋሐዱ? መቀባቱ ምን ማለት ነው? ዛሬ ለብዙዎቻችን ሩቅ ነገር ይመስለናል። ያኔ ግን ሰው የሚጣላበት፣ የሚወገዝበት፣ የሚሰደድበት ጉዳይ ነበር። ገብረ ሚካኤል ይህን ጥያቄ ከፈረንጅ አልተዋሱትም። ጥያቄው የራሳችን ጉባኤ ቤት ጥያቄ ነው። እኔን የያዘኝም ይኸው ነው።

በ1833 ዓ.ም. የትግሬና የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ መልእክተኞች ሲልኩ እሳቸውም አብረው ሄዱ። ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ የሚባሉ፣ ላዛሪስት ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የመጡ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊም አብረው ነበሩ። ሰው አባ ያዕቆብ ይላቸው ነበር። ካይሮ ደረሱ፣ ከዚያም ሮም ሄደው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛን አዩ፣ ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ። ከዚያ ጉዞ የተገኙት ጳጳስ ደግሞ አቡነ ሰላማ ናቸው። ስማቸውን ያዙልኝ።

አባ ያዕቆብ እንደ ኢየሱሳውያኑ ቤተ መንግሥት ይዘው አልመጡም። የአገሩን ልብስ ለበሱ፣ ቋንቋውን ተማሩ፣ በአገሩ ሥርዓት ኖሩ። ገብረ ሚካኤል በ1836 ዓ.ም. ካቶሊክ ሆኑ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። ከዚያ ሁለቱ አብረው ሠሩ፤ የግዕዝ ሰዋስው፣ መዝገበ ቃላት፣ ለተማሪዎች የሚሆን ትምህርተ ሃይማኖት። በ1843 ዓ.ም. አባ ያዕቆብ ቅስና ሰጧቸው። ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ቄስ ሆኑ ማለት ነው። ሌላው ሰው በዚያ ዕድሜው ጋቢውን ደርቦ ፀሐይ ይሞቃል።

አሁን ወደሚከብደኝ ቦታ ደረስኩ።

አባዬ ሳሎን ውስጥ የአፄ ቴዎድሮስን ሥዕል ሰቅሏል። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እዚያው ነው። መይሳው ካሳ። በዚያ ሥዕል ሥር ነው የቤት ሥራዬን የሠራሁት። አባዬ ስለ መቅደላ ሲያወራ ዛሬም ድምፁ ይሰበራል። የእኔም ይሰበራል፣ አልዋሽም። አገር አንድ ላድርግ ብለው ተነሥተው፣ እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው የሞቱ ንጉሥ ናቸው።

በ1846 ዓ.ም. ካሳ ገና አልነገሡም፣ ግን ኃይሉ በእጃቸው ገብቷል። አቡነ ሰላማ ከጎናቸው ናቸው። አገር አንድ፣ ሃይማኖት አንድ ተባለ። አባ ያዕቆብ ታስረው ተሰደዱ። ገብረ ሚካኤልና ጓደኞቻቸው ጎንደር ላይ ተያዙ። ያሰሯቸው አቡነ ሰላማ፣ ገብረ ሚካኤል ራሳቸው ከመልእክተኞቹ ጋር ሄደው ያስመጧቸው ጳጳስ ናቸው። እግራቸው በግንድ ተቀረቀረ። የተጠየቁት ቀላል ነበር፦ የአቡኑን ሃይማኖት ተቀበል፣ ውጣ። እንቢ አሉ። እንደገና ተጠየቁ፣ ተገረፉ። እንቢ አሉ።

በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ነገሡ። ሽማግሌው ንጉሡ ፊት ቀረቡ፣ ሞትም ተፈረደባቸው። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ለመኑላቸውና ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተቀየረ። ምሕረት ይመስላል፣ አይደል? ግን የቴዎድሮስ እስር ቤት የሚንቀሳቀስ ነበር። ሠራዊቱ ሲዘምት እስረኛው በሰንሰለት ይከተላል። ከስድሳ በላይ የሆናቸው፣ አንድ ዓይና፣ የተገረፉ ሰው በእግራቸው ከሠራዊቱ ኋላ ተጎተቱ። በክረምት። የእኛን ክረምት ታውቃላችሁ። ጥቁር አፈሩ ጭቃ ሆኖ እግር አላስነሣ ሲል፣ ወንዙ ሲሞላ። በዚያው ክረምት መንገድ ላይ ሞቱ። ጠባቂዎቹ ወታደሮች እንደ ቅዱስ ያዩዋቸው ነበር ይባላል። የቀበሯቸውም እነሱ ናቸው። መቃብራቸው ዛሬ ምልክት የለውም።

እንግዲህ አስቡት። ሰንሰለቱን ያሠሩት ንጉሥ ሥዕላቸው ሳሎናችን ተሰቅሏል። በሰንሰለት የተጎተቱት ደግሞ የጎጃም መነኩሴ ናቸው፣ ወገኔ። ለብዙ ወራት አንዱን መርጬ ሌላውን መተው ያለብኝ መስሎኝ ነበር። ስለ ገብረ ሚካኤል ባነበብኩ ቁጥር ቀና ብዬ ሥዕሉን ማየት ያስፈራኝ ነበር።

በትምህርታቸው አልስማማም። ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለው ብለው ያመኑትን እኔ አላምንም። ግን ያ ሰው አንዲት ቃል ቢናገር ኖሮ መርጡለ ማርያም ተመልሶ ተማሪ ሰብስቦ፣ ቅኔ እየሰማ ይሞት ነበር። ያላመኑበትን አልተናገሩም። ከእኔ ቤተ ክርስቲያን ገድል የተማርኩት ሰማዕት ማለት ይህንኑ ነው። ጊዮርጊስ ምን አደረገ? ይህንኑ አይደለም?

ባሕር ዳር ውስጥ ዛሬ ትንሽ የካቶሊክ ምእመን አለ። የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ከተቋቋመ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ጳጳሱም መንበራቸው እዚሁ ነው። አብረን ታክሲ እንሳፈራለን፣ ሰርግና ለቅሶ እንደራረሳለን። ስለዚህ መነኩሴ ግን አውርተን አናውቅም። እኔ ጠይቄ አላውቅም ነበርና በማንም አልፈርድም።

ዛሬ ከጊዮርጊስ ስመለስ አባዬ ቡና ተፈልቶለት ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ከመርጡለ ማርያም ጀመርኩ። ቴዎድሮስ ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣም። ስኒውን አስቀመጠ። ሥዕሉን ቀና ብሎ አየው፣ ረጅም ጊዜ።

«ልጄ፣ ካሳ ደግሞ እልኸኛ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ ዝም አለ። ሁለተኛው ተቀድቶለት፣ በረካው ሳይደርስ፣ «መነኩሴው መርጡለ ማርያም ነው የተማሩት አልሽኝ?» አለ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«መንገዱ ሰላም ሲሆን ውሰጂኝ።»