የተኛውን ኮንትሮለር ማን ቀሰቀሰው?

እንደምን አረፈዳችሁ! የፖሊ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ከከተማው የመጣችሁ እንግዶች፣ ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

የማወራችሁ በየስልካችሁ ስላለችው ሚሞሪ ካርድ ነው። በትክክል ለመናገር፣ ካርዷን ስለሚያዘው ቺፕ፣ ስለ ኮንትሮለሩ፣ እንዲሁም ቺፑን ስለሚያሠራው ፕሮግራም፣ ስለ ድራይቨሩ።

ከሁለት ክረምት በፊት በዘጌ በኩል፣ ጣና ዳር፣ የሐይቁን ከፍታ የሚመዘግብ መሣሪያ ተከልን። ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት ትንሽ ቦርድ፣ ባትሪ፣ አንድ ሶላር፣ አንድ ሚሞሪ ካርድ። በየሩብ ሰዓቱ አንድ መስመር ይጽፋል፣ በቃ። በጋውን ምንም አላለም። ሐምሌ ሲገባ ግን ሰማዩ ተዘጋ፣ ባትሪው ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። በዝናብ በጀልባ እየሄድን እንቀይር ነበር።

እስቲ አስቡት። አንድ መስመር መጻፍ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ከዓይን ጥቅሻ አያልፍም። በቀረው ሩብ ሰዓት ኮንትሮለሩ ሥራ የለውም፤ ክሎኩ፣ ማለትም ቺፑን የሚያስኬደው ምት፣ ግን ይመታል፣ ባትሪ ይበላል። እንግዲያው ይተኛ። ሊኑክስ ለዚህ፣ ሥራ የሌለውን ሃርድዌር የሚያስተኛ፣ ራንታይም ፓወር ማኔጅመንት የሚባል ዘዴ አለው። ለምሳሌ ፒሲአይ በሚባለው የኮምፒውተር የውስጥ መስመር የሚገናኘው የኤስዲ (የሚሞሪ ካርድ) ኮንትሮለር ድራይቨር ከመጨረሻው ሥራ በኋላ 50 ሚሊ ሰከንድ ጠብቆ ያስተኛዋል። የሚጠብቀው ሥራ ብዙ ጊዜ ተከታትሎ ስለሚመጣ ነው።

እኛም በራሳችን ድራይቨር ላይ ጨመርነው። ባትሪው በረታ። በሳምንቱ ግን መሣሪያው ስታክ አደረገ።

ኢንተረፕትን፣ ማለትም ሃርድዌር ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን ጥሪ፣ እንደ በር ደወል ቁጠሩት። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራይ አለ፣ ደወሉ ግን አንድ ነው። ሲደወል ሁሉም ብቅ ይልና ያልተፈለገው «የኔ አይደለም» ብሎ ይመለሳል። በእኛ ቦርድም የካርዱ ኮንትሮለርና ሌላ ሃርድዌር አንድ የኢንተረፕት መስመር ይጋሩ ነበር። ጎረቤቱ ሲደውል የእኛም ሃንድለር፣ ለደወሉ የሚነሳው የድራይቨሩ ክፍል፣ ይነሳል። የደወለው የራሱ ኮንትሮለር መሆኑን ለማወቅ የኮንትሮለሩን ሬጅስተር፣ ሁኔታው የሚጻፍባትን ትንሽ ቦታ፣ ያነባል። ኮንትሮለሩ ግን ተኝቷል፣ ክሎኩ ተዘግቷል! እንዲህ ሲሆን አንዳንዱ ቺፕ ላይ ሁሉም ቢት 1 ሆኖ ይነበባል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ፕሮሰሰሩ መልስ እየጠበቀ እዚያው ይቀራል። የእኛ ሁለተኛው ነበር።

ይህ ችግር ኤስዲኤችሲአይ በሚባለው የሊኑክስ የኤስዲ ኮንትሮለር ድራይቨር ውስጥ ቆንጆ መልስ አለው። ሃንድለሩ ሎክ፣ ሌላ ኮድ መሃል እንዳይገባበት የሚከለክል ቁልፍ፣ ይይዝና «ተኝቷል» የሚል ምልክት መኖሩን ያያል። ካለ፣ አንድም ሬጅስተር ሳይነካ «የኔ አይደለም» ይላል።

እዚህ ጋ ግን ጠንቀቅ በሉ፣ ምልክቱ ብቻውን አይበቃም። የራሳችን ኮንትሮለር እየደወለ ሃንድለራችን «የኔ አይደለም» ቢልስ? ደወሉ አያቆምም። ሊኑክስ ደግሞ ይቆጥራል፤ ከ100,000 ኢንተረፕት ከ99,900 በላይ ባለቤት ካጣ መስመሩን ይዘጋዋል። ያኔ ምንም ያላጠፋው ጎረቤትም አብሮ ይቀጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የኮንትሮለሩን ኢንተረፕት ዝጉ። ቀጥሎ በሌላ የፕሮሰሰሩ ኮር ላይ ገና እየሠራ ያለ ሃንድለር ካለ እስኪጨርስ ጠብቁ። ከዚያ ምልክቱን በሎክ ስር አኑሩ። ክሎኩን የምታጠፉት መጨረሻ ላይ ነው። እኛ መጠበቋን ረስተን ሌላ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል፤ ስህተቱ አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚመጣ ለመያዝ አስቸጋሪ ነው። ስታነቁት ከክሎኩ ጀምሩ።

የካርዷን ኃይል ራሱን መቁረጥ ካማራችሁ ሌላ ጉዳይ አለ። ካርዷ ዳታውን ከተቀበለች በኋላም ውስጥ ውስጡን ትጽፋለች፣ እስክትጨርስ አንዱን የዳታ መስመር ወደ ታች ይዛ ትቆያለች። መስመሩን ሳትለቅ አትቁረጡባት።

ባለፈው ክረምት ለባትሪ ብለን አንድም ቀን ጀልባ አልተሳፈርንም። አሁን መብራቱን አጥፉልኝና ኮዱን በፕሮጀክተር እንየው። የምጀምረው ከማስተኛው ፈንክሽን ነው፤ አጭር ናት፣ የመስመሮቿን ቅደም ተከተል ልብ ብላችሁ ተከታተሉ።