«በእናንተና በእሱ መሃል ሁለት በር»፦ የዱር እንስሳት ሐኪሙ ለድሬና ለሐረር አድማጮች የሰጠው መልስ

ባለፈው ፕሮግራም አንድ የድሬ አድማጭ ዘመዱ ከዓረብ አገር የላከለትን ቪዲዮ አነሳ። ታይገር ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ ልጆች ጆሮውን ይጎትታሉ። «እኛስ እዚህ መናፈሻ ሠርተን አንድ ብናመጣ ምን ምን ያስፈልገዋል?» አለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አላረፈም፤ ዛሬ ሰዓቱን በሙሉ ለእናንተ ጥያቄ ሰጥቻለሁ።

ከሳቢያን፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ፦ ታይገር ማለት ነብር ነው?

አይደለም ልጄ። የእኛ ነብር ጠቃጠቆ ነው፤ ታይገር ደግሞ ባለ መስመር ነው፣ አገሩም እስያ ነው። አቦ ሸማኔ ከሁለቱም ይለያል፤ ከዓይኑ እስከ አፉ እንባ የወረደበት የሚመስል ጥቁር መስመር አለው።

ከከዚራ፦ ለአንድ ታይገር ስንት ካሬ ሜትር ይበቃል?

ሁሉም ሰው ከካሬ ይጀምራል። ኔፓል ውስጥ በቺትዋን ጫካ አንዲት ሴት ታይገር 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይዛ ትኖራለች። በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ፣ አደን በሳሳበት አገር፣ ወደ 400 ይደርሳል። ይህን የሚሰጥ መካነ እንስሳት የለም። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ከሰው ዓይን መሸሽ ሲፈልግ የት ይገባል? ጎብኚ በአራቱም ማዕዘን ከከበበው ሺህ ካሬም ቢሆን እስር ቤት ነው። ሰው በአንድ ወገን ይቁም፤ ለእሱ ደግሞ ቁጥቋጦ፣ ድንጋይ፣ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ የሚተኛበት የእንጨት መደብ ይኑረው። ወለሉ አፈርና ሣር ይሁን። ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ ከሆነ ክርኑና የእግሩ መዳፍ ይቆስላል፤ ያንን ቁስል ማዳን ደግሞ ቀላል አይደለም። ታይገር እንደ አንበሳ በመንጋ አይኖርም። ሁለት ካላችሁ ሁለት ግቢ ሥሩ።

አንድ ቦታ ተጠርቼ ስሄድ መጀመሪያ የማየው ከኋላ ያለውን የማደሪያ ክፍል ነው። ጎብኚ የሚያየው ፊቱን ነው፤ እንስሳው ግን ብዙውን ሰዓት የሚያሳልፈው እዚያ ኋላ ነው። የሚያጸዳው ሠራተኛ ነፍስም ያለችው እዚያ ነው። ሠራተኛው ወደ ግቢው ሲገባ እንስሳው ማደሪያው ውስጥ ተዘግቶ መሆን አለበት። መዝጊያው ከውጭ ቆሞ በገመድ ወይም በብረት ዘንግ የሚሳብ ይሁን፤ ሁለት ጓጉንቸር ይኑረው። የውጪው በር ሳይዘጋ የውስጡ አይከፈትም። በእናንተና በእሱ መሃል ሁለት በር! ይህን ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ፣ ታገሡኝ።

አንድ ጠዋት፣ የቦታውን ስም አልጠራም፣ የአንበሳ ማደሪያ ጋ ስደርስ ተንሸራታቹ በር አራት ጣት ያህል ክፍት ሆኖ አገኘሁት። አጥንት ሐዲዱ ላይ ወድቆ በሩ እስከ መጨረሻው አልሄደም፤ ሠራተኛው ግን «ቀጭ» ሲል ሰምቶ ተዘግቷል ብሎ መጥረጊያውን ይዞ ሊገባ ነበር። እጁን ይዤ ጎተትኩት። አንበሳዋ በክፍተቱ ጢሟን አውጥታ ታሸተን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በጆሮ አላምንም። በሩ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይነቀነቃል፣ እንስሳቱ ይቆጠራሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው።

ከለገሃሬ፦ የአጥሩ ቁመትስ?

ቁመቱ 5 ሜትር ገደማ ይሁን፣ ጫፉም ወደ ውስጥ የታጠፈ። «ማን ይህን ያህል ይዘላል?» የሚለኝ ግንበኛ አይጠፋም። ሳን ፍራንሲስኮ መካነ እንስሳት ውስጥ የታይገሩ ግድግዳ ከስሩ ካለው ቦይ ወለል ሲለካ 3.8 ሜትር ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. በፈረንጆች ገና ቀን ታቲያና የምትባለው ታይገር ወጥታ አንድ ወጣት ገደለች፣ ሁለት አቆሰለች። ለዓመታት ማንም አልወጣም ነበርና በቂ ነው ብለው ነበር።

ከገንደ ቆሬ፣ አንዲት እናት፦ የድሬን ሙቀት ይችለዋል?

ይችላል፣ ውሃ ካለው። ታይገር ሱማትራ ደሴት ላይ በሙቀት፣ ሩሲያ ውስጥ በበረዶ የሚኖር እንስሳ ነው። እንደ ቤት ድመት ውሃ አይፈራም፤ ይዋኛል፣ በቀትር እስከ አንገቱ ገብቶ ይቀመጣል። ስለዚህ መጠጫ ገንዳ ብቻ አይበቃውም፤ ገላው የሚሰምጥበት ኩሬ ይፈልጋል። ጥላው ደግሞ ቆርቆሮ አይሁን እናቴ! በድሬ ፀሐይ ቆርቆሮ ስር መተኛት ምጣድ ስር መተኛት ነው። ዛፍ ትከሉ፣ ወይም ሣር ክዳን ሥሩ።

ከነምበር ዋን፦ አጥሩ ዳር ወዲያ ወዲህ ሲል የሚውለው ስፖርት እየሠራ ነው?

አይደለም ወንድሜ። በዚያው መስመር፣ በዚያው ቦታ እየዞረ፣ መሬቱን እስኪያሰምረው ከተመላለሰ ኑሮው ጎድሎታል ማለት ነው። ምግቡን በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሳህን ከማቅረብ ደብቁለት፣ ስቀሉለት፣ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ይቅደደው። ቅርንፉድ ወይም ኮረሪማ ግንድ ላይ ብትፈትጉለት ግማሽ ቀን ሲያሸት ይውላል። ደግሞ ጽዳት ወዳዶች ሆይ፣ ግቢውን በሙሉ በአንድ ቀን አትጠቡበት። ሽታው የእሱ ፊርማ ነው፤ ሁሉንም ካጠፋችሁበት የሰው ቤት ያደረ ያህል ይጨነቃል። ዴቶልም አይገባም፤ ለድመት ዘር ሁሉ መርዝ ነው።

ከሐረር፣ ከፈላና በር፦ እኛ ጅብ ያለ አጥር በእጃችን እናበላለን፤ ለታይገር ይህ ሁሉ ብረት ለምን?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የሐረር ሰው ብቻ የሚጠይቀው። ጅቡ ማታ ከጫካው መጥቶ ሥጋውን ይወስድና ይሄዳል። ካልፈለገ አይመጣም፤ ከፈራ ዞሮ የሚሄድበት ሜዳ አለው። ማንም ጥግ አላስያዘውም። በግቢ የተያዘ እንስሳ ግን መሄጃ የለውም፤ ሲፈራ የሚቀርለት መንገድ በእናንተ ላይ መምጣት ነው። ጥሩ ግቢ የምለውም ለዚያ ጅብ ያለችውን መብት በትንሹም ቢሆን ለታይገሩ የሚሰጠውን ነው፤ «አልፈልግም» ብሎ ዞር የሚልበት። ለጅቡም ቢሆን ልጆቻችሁን ከሚያበላው ሰው ተለይተው ብቻቸውን አትላኩ።

ከሐረር፣ ከሸንኮር፦ ወንድሜ ከጅግጅጋ መንገድ የአቦ ሸማኔ ግልገል ገዝቶ አመጣልኝ። ጓሮ ታስሯል፤ ወተትና አጥንት የሌለው ለስላሳ ሥጋ እሰጠዋለሁ። አሁን የኋላ እግሩን ይጎትታል። ስንት በስንት ኬጅ ላሠራለት?

ወንድሜ፣ ስለ ደወልክ አመሰግንሃለሁ። ኬጁን ግን አታሠራ። መስመሩ ላይ ቆይና ስማኝ፤ ይህን ጥያቄ በየወሩ ነው የምሰማው፣ አንዴ የአንበሳ ደቦል፣ አንዴ የጅብ ግልገል እየሆነ።

መጀመሪያ ስለ እግሩ። ሥጋ ብቻውን በቂ ካልሲየም የለውም። ጫካ ውስጥ እናቱ የምታበላው ከነአጥንቱ ነው። አንተ በደግነት አጥንቱን አወጣህለት፤ ገላው ደግሞ የሚያጣውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት እየፈለቀቀ ይወስዳል። የላም ወተትም ሆዱን ያስቀምጠዋል እንጂ አይጠግነውም። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው እንዲህ ያለ ግልገል በዘንቢል ይዞልኝ መጣ። ስም አውጥተውለት፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ አስረውለት ነበር። ከጥብጣቡ ስር ሲባጎው ቆዳውን በልቶ ገብቷል። ራጅ አነሣነው፤ አጥንቱ ፊልሙ ላይ ጥላ ያህል እንኳ አይታይም፣ ጭኑ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ማን ሰበረው? ማንም። ከወንበር ላይ ዘሎ ወረደ፣ አለቀ። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ነው፣ እዚያው ቆሞ አለቀሰ። ይወደው ነበር። መውደዱ አላዳነውም፤ በአራተኛው ቀን ሞተ።

ሁለተኛ፣ ከየት እንደ መጣ እወቅ። የአቦ ሸማኔ እናት ለአደን ስትሄድ ግልገሎቿን ሣር ውስጥ ደብቃ ነው። «ተጥሎ አገኘሁት» የሚሉህ በአብዛኛው እናቱ ልትመለስ የነበረውን ነው። ከዚህ ምሥራቅ ወደ ሶማሌላንድ ዳርቻ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ንግድ አለ፤ በመንገድ የሚሞተው ብዙ ነው። በዓለም ላይ በዱር የቀረው አቦ ሸማኔ 7 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። አንተ አዝነህ በገዛህ ቁጥር ሻጩ ለሌላ ግልገል ይመለሳል። በሕግም ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው።

ሦስተኛ፣ ልጆችህ። የግቢህ ውሻ ተከትቧል? በ1994 እ.ኤ.አ. ሴሬንጌቲ ውስጥ ከመንደር ውሾች የተነሣ ዲስቴምፐር የሚባል በሽታ ከአንበሶቹ ሲሶውን ያህል ጨረሰ። ያ በሽታ ከውሻህ ወደ ግልገሉ ሊያልፍ ይችላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ወደ ልጆችህም ይመጣል። ቪዲዮው ላይ ያያችሁት የሳሎን ታይገር ዓመት ሲሞላው ከባለቤቱ ይከብዳል፤ ወንዱ ሲጎለምስ 200 ኪሎ ያልፋል። ሲጫወት ማጅራት ይዞ ነው፤ እናቱ ያስተማረችው ጨዋታ አደን ነውና። የዚያን ጊዜ «የነብር ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» የሚለው ተረት ይገባናል። በእናንተና በእሱ መሃል ሁለት በር! የሳሎን መጋረጃ በር አይደለም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ የምታደርገው ይህ ነው። ሲባጎውን ፍታለት፤ ጸጥ ያለና ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ገለባ ላይ አስተኛው። እግሩን አትሽ፣ ወጌሻ አታምጣ። ወተቱን አቁም፣ ንጹሕ ውሃ አስቀምጥ፤ ዶሮ ከነአጥንቱ በጥሬው በትንሽ በትንሹ ስጠው፣ የተቀቀለ አጥንት ግን ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ልጆችና ውሻ አይግቡ። ነገ ጠዋት ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለአካባቢህ የግብርና ቢሮ አሳውቅ። ሆለታ አጠገብ «እንሰሳ ኮቴ» የሚባል የቦርን ፍሪ ድርጅት ማዕከል አለ፤ ከእኛ አካባቢ የተያዙ አቦ ሸማኔዎችና አንበሶች እዚያ ገብተው ኖረዋል። ጫካ ወስደህ አትልቀቀው፤ ማደን አያውቅም፣ በረሃብ ይሞታል። ለሌላ ሰውም አትሽጠው። ስልክህን ለቴክኒሻኑ ተውለት፣ ከፕሮግራሙ በኋላ እኔ ራሴ እደውልልሃለሁ።

ከሐማሬሳ፦ አህያ ወይም ከብት ሲሞት ሥጋው ለመካነ እንስሳት ቢሰጥ አይጠቅምም?

በምን እንደ ሞተ ካልታወቀ አይሰጥም። በድንገት ወድቆ ከአፍንጫው የማይረጋ ደም የሚፈሰው ከብት አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አትግፈፉት፣ አትክፈቱት፤ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። በዚህ በሽታ በተበከለ ሥጋ ያለቁ የመካነ እንስሳት አንበሶችና ታይገሮች አሉ። ሥጋውን የበላ ወይም የነካ ሰውም እንዲሁ ይታመማል። መድኃኒት ተወግቶ የሞተውም አይሆንም።

ከመጋላ፦ ነጭ ታይገር ብርቅ ዝርያ ነው ይባላል፤ ማስመጣት ይሻላል?

ዝርያ አይደለም። ዛሬ በየመካነ እንስሳቱ ያለው ነጭ ታይገር አብዛኛው በ1951 እ.ኤ.አ. ሕንድ ሬዋ ውስጥ ከተያዘው ሞሃን ከሚባለው የወረደ ነው፤ አባት ከልጁ እየተዳቀለ። ብዙዎቹ ዓይናቸው የተንሸዋረረ ነው። ይቅርብን።

ከሐረር፣ ከአራተኛ፦ ልጄን ትናንት ጎረቤት ያለ የጅብ ግልገል እጁን ቧጨረው፣ ትንሽም ነክሶታል። ቡና ነስንሼበት ደርቋል። መድኃኒት ንገረኝ።

እህቴ፣ በስልክ የምነግርሽ መድኃኒት የለም። ቡናውን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቢለት፤ ከዚያ ልጁን ይዘሽ አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ። የእብድ ውሻ ክትባት እንዲጀመርለት ንገሪያቸው። ቁስሉ ደርቋል ብለሽ እስከ ነገ አትጠብቂ፤ በሽታው አንዴ ከታየ አይድንም። ሬዲዮኑን ዝጊና ተነሺ።