ሾተላይ፣ ደም እና የእናት ሆድ

ሰላም እንዴት ሰነበታችሁ፣ ዛሬም ከደሴ ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ፣ ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ ነገር አለ እሱን ላውራችሁ።

ኩላሊት የተቀየረለት ሰው፣ የሰጠችው የገዛ እህቱ ብትሆን እንኳ፣ ሰውነቱ ባዕድ ነው ብሎ እንዳይጥለው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ይውጣል አይደል? እርጉዝ ሴት ግን ግማሽ ዘሩ የአባቱ የሆነውን ፅንስ ምንም ሳትውጥ ዘጠኝ ወር ትሸከመዋለች! በፈረንጆቹ 1953 ፒተር ሜዳዋር የሚባል እንግሊዝ አገር ይሰራ የነበረ ሳይንቲስት ይሄን ጠይቆ ነበር፣ ከገመታቸው መልሶች አንዱ የእናትየው ሰውነት ባዕድን የሚዋጋበት መከላከያ ይቀዘቅዛል የሚል ነው። አይቀዘቅዝም እኮ፣ እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማህፀን ውስጥ ካሉት የመከላከያ ሴሎች ወደ 70 ፐርሰንቱ ኔቸራል ኪለር የሚባሉት ናቸው፣ ስማቸው ገዳይ ሆኖ እዛ ግን አይገድሉም፣ ጭራሽ የእናትየውን የደም ስሮች አስፍተው ለእንግዴ ልጁ ደም በደንብ እንዲደርስ ያግዛሉ። የእንግዴ ልጁ ሴሎች ደግሞ በበኩላቸው ኤችኤልኤ ጂ የሚባል ፕሮቲን ያሳያሉ፣ ገዳዮቹ እሱን ሲያዩ ይተዉአቸዋል። ሬጉላቶሪ ቲ ሴል የሚባሉትም አሉ፣ ልክ እንደኛ የወሎ አበጋሮች መሃል ገብተው ሌላውን ረጋ በል የሚሉ።

ግን ደም ላይ ሲደርስ ይሄ ሰላም ሊሰበር ይችላል። ልጅ አልበረክትላት ያለች ሴት ሾተላይ አለባት ይባላል፣ ወዳጃ ይያዝላታል ዱዓ ይደረጋል፣ ጠበል የምትወሰድም አለች፣ እኔ ይሄን አልቃወምም ከፍቅር ነው። የሚያንገበግበኝ ከጀርባዋ ገፊ ናት እየተባለ የሚወራው ነው። ምን አደረገች? ፅንስ የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው፣ ሐኪሞቹ ሾተላይ የሚሉት ግን እናትየው አርኤች ነጋቲቭ ልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን ነው፣ ማለት ቀይ የደም ሴል ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን እሷ የላትም ልጁ ግን አለው፣ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ትንሽ ወደሷ ይገባል ሰውነቷም አንቲቦዲ የሚባል ባዕድን የሚያጠቃ ነገር ይሰራበታል፣ የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፣ የሚቀጥለው ግን አንቲቦዲው በእንግዴ ልጁ አልፎ ቀይ የደም ሴሉን ይሰባብርበታል። ይኸው ነው፣ እርግማን አይደለም፣ የሷም ጥፋት አይደለም።

መከላከያው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው፣ ከ1968 ጀምሮ አለ፣ ነጋቲቭ ለሆነች እናት በእርግዝናዋ 28ኛ ሳምንት ይሰጣል፣ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ ከወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ስለዚህ እህቶቼ ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ፣ የመጀመሪያው ክትትል ላይ የደም ዓይነታችሁን ጠይቁ፣ ነጋቲቭ ከተባላችሁ ባላችሁም ይመርመር፣ መርፌው የት እንደሚገኝ ምጥ ሳይመጣ በፊት አጣሩ፣ ባሎችም ይሄን ሩጫ ለሷ ብቻ አትተዉት። ውርጃ ካጋጠመም ሐኪሙን ስለ መርፌው ጠይቁ እሺ፣ ልጅ አልተወለደም ብላችሁ አትለፉት። ሰውነቷ አንዴ አንቲቦዲውን ከሰራ በኋላ መርፌው አይመልሰውም፣ ለዛ ነው 72 ሰዓት 72 ሰዓት የምለው።