ማዘር ዝናቡን ቀድመውን ሰሙት

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ከጅማ ነው የማወራችሁ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፏል። ዝናቡ አሁን ገና ስላባራ ነው መቅዳት የቻልኩት። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ድምፅ ለመቅዳት የሞከረ ሰው ይረዳኛል።

ቅዳሜ ማታ የሆነውን ላጫውታችሁ። አምስት ሆነን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን። ለማታውቁት፣ አንዱ ጌም ማስተር ሆኖ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይዘው ይገቡበታል። ይሳካል አይሳካም የሚያሰኘውን ነገር ባለ 20 ፊት ዳይስ ይወስነዋል። የኛ ጌም ማስተር እኔ ነኝ።

ጫካ ውስጥ አድረዋል እንበል። ሽፍቶች እየመጡባቸው ነው። አንዱ ጓደኛዬ ዘብ ቆሟል። «ፐርሰፕሽን ጣል» አልኩት፤ ያይ ወይም ይሰማ እንደሆነ ዳይሱ ይወስን ማለት ነው። 17 አመጣ። ደህና ቁጥር ነው። እኔ ግን «ምንም አልሰማህም» አልኩት።

«ለምን?»

«ሩቅ ናቸዋ።»

«ስንት ሜትር?»

ዝም አልኩ። ቁጥር አልነበረኝማ! ሽፍቶቹ በድንገት እንዲደርሱባቸው ስለፈለግኩ ብቻ ነው። እሱም ገብቶታል፣ አኩርፏል።

ድሮ ጌሙ ለዚህ ሕግ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው 3.5 እትም፣ በየ10 ጫማው፣ ማለትም በየ3 ሜትሩ ገደማ፣ ከዳይስህ ላይ 1 ይቀነሳል። ማየትም መስማትም እንደዚያው። ሲሰሙት ደስ ይላል፣ ንጹሕ ሒሳብ ነው። ግን 60 ሜትር ላይ ስትደርስ ቅናሹ ወደ 20 ተጠጋ፤ ዳይሱ አለቀ ማለት ነው። 60 ሜትር ከኛ በር እስከ ሱቁ ነው እኮ! አንድ ኪሎ ሜትር ከ300 በላይ ይቀንስብሃል። በዚህ ሒሳብ ከከተማ ሆኖ የጅሬንን ኮረብታ ማየት ተአምር ነው። ጨረቃንማ ተዉት።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው 5ኛው እትም ይህ ቅናሽ የለውም። ደብዛዛ ብርሃን፣ ሳሳ ያለ ጭጋግ ወይም መካከለኛ ቅጠል ካለ፣ በዓይን ለሚደረግ ፍለጋ ዳይሱን ሁለቴ ትጥላለህ፤ ትንሹን ትወስዳለህ። አማካዩ ከ10.5 ወደ 7 ገደማ ይወርዳል። ድቅድቅ ጨለማ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ጭጋግ ከሆነ ያው እንደ ዕውር ነህ። ርቀቱን ግን በአብዛኛው ለጌም ማስተሩ ተወው። ለእኔ። ለዚያ ቁጥር ለሌለው ሰውዬ።

ወደ ቅዳሜ ልመለስ። እየተጨቃጨቅን ሳለ የቤቱ እናት፣ እኛ ማዘር የምንላቸው፣ ጀበናውን ይዘው ገቡ። «ኧረ ልጆች፣ ልብሱን አስገቡልኝ፣ ዝናብ መጣ!» አሉ። ማናችንም አልሰማንም። ዝም ስንል ነው የሰማነው፤ ከታች ሰፈር፣ ቆርቆሮ ላይ፣ ከሩቅ ገብስ የሚቆላ ይመስላል። ቤት በቤት እየተሻገረ መጣ። ልብሱን ሳንጨርስ እኛ ላይ ደረሰ። ከዚያማ ጠረጴዛው ማዶ፣ አንድ ሜትር ላይ ያለው ጓደኛዬ አፉን ሲያንቀሳቅስ አያለሁ እንጂ ምን እንደሚል አልሰማም።

ዝናቡን ከታች ሰፈር ሰማነው። ሰውየውን በአንድ ሜትር አጣነው። ሜትር ብቻ ስቆጥር የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ማዘርም ዳይስ አልጣሉም። ጌሙ ይህን ፓሲቭ ፐርሰፕሽን ይለዋል፤ 10 ላይ የራስህን ጭማሪ ደምረህ፣ ሳትፈልግ የምትሰማው። የሳቸው ጭማሪ የዓመታት የልብስ ማስጣት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቡና ጫካ ሳስብ ነው የከረምኩት። ዋንዛው ሥር ስትገባ ዓይንህ ብዙ አይሄድም፤ ጉሬዛው ግን ከየት ማዶ ይሰማሃል። በበጋ ደረቁ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣ ሽፍታ መደበቅ ይቸግረዋል። በክረምት ቅጠሉ ርሷል፣ እግር አይሰማም። ያው ጫካ፣ ያው ርቀት። ማታ ደግሞ ሌላ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሲጠፋ መሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ድምፅም ወደ ላይ ከማምለጥ ይልቅ ወደ መሬት ይታጠፋል። ጅቡ በር ላይ ያለ የሚመስለን አንድም ለዚህ ነው። (ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ።)

አሁን «ሰማህ ወይ» ማለት ትቻለሁ። ሽፍቶቹ መምጣታቸው አይቀርም፤ ዳይሱ የሚነግረኝ የት ሲደርሱ እንደሰማቸው ነው። 17 ከመጣ 40 ሜትር ላይ ናቸው፣ ጓደኞችህን ቀስቅስ። 8 ከመጣ 10 ሜትር ላይ ናቸው፣ ጎራዴህን እንኳ አልያዝክም። ዝናብ ካለ ሁለቱንም በግማሽ እቀንሳለሁ። የመጽሐፉ ሕግ አይደለም፣ የኔ ነው።

ለጓደኛዬ ስልክ ደውዬ «17ህን መልሼልሃለሁ» አልኩት። ቅዳሜ ከዚያው እንቀጥላለን፣ ሽፍቶቹ 40 ሜትር ላይ ቆመው እየጠበቁን ነው።

ቆይ... ታች ሰፈር ቆርቆሮው ጀመረ። ልብስ ውጭ ነው ያለው። ቻው።