ሪሞቱን አስቀምጡት

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የንባብ ክበባችን ከመጻሕፍቱ ጎን የፊልም መደርደሪያ ሲከፍት፣ ስለ ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ ሥራዎች እንድናገር ተጠይቄ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ። የምናገረው ስለ አንዱ ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ስለምናየው ስለ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»።

ብዙዎቻችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ኃይሌ የጎንደር ልጅ ነው። በፈረንጆቹ 1967 አሜሪካ መጣ። ቺካጎ ቴአትር ተማረ፣ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊልም አጠና። በፈረንጆቹ 1974 አገሩ ተመልሶ ይህንን ፊልም በ16 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁርና ነጭ ቀረጸው። ቀረጻው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው የፈጀው። የሚታዩት ሰዎች ትወና የተማሩ አይደሉም። ዓመቱ ዙፋኑ የወደቀበት ዓመት ነው። የመሬት አዋጁ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወጣ። ስለዚህ ፊልሙ በፈረንጆቹ 1976 ለዓለም ሲቀርብ፣ እዚያ ውስጥ እንደ ንጉሥ የሚያዘው ባለ መሬት በሕግ አንድ ጋሻ አልቀረውም ነበር። ይህንን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እኔ ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ከአባቴ ጋር ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ውስጥ። አባቴ ከአገር ቤት ከመጣ ሦስት ወሩ ነበር። ካሴቱን ጓደኛዬ ነው ያዋሰኝ። ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ነው። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ምርት» ተብሎ ተጽፏል። ዴኩ ውስጥ ስከተው የስክሪኑ ግማሽ በረዶ የሚጥል ይመስል ነበር።

ቀኑን ሙሉ ፓርኪንግ ስሠራ ውዬ ነው የገባሁት። ደክሞኛል። ፊልሙ ጀመረ። ነጋ። ሰዎች ተነሡ። በሬ ተጠመደ። ይታረሳል። አሁንም ይታረሳል። ሪሞቱን አነሣሁና ፎርዋርድ ነካሁት።

አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። «በሬዎቹ ምን ሆኑ?» አለኝ።

«እያሳለፍኩት ነው አባዬ። እዚህ ጋ ምንም የለውም።»

«በሬ እንዲህ አይሮጥም። መልሰው።»

መለስኩት። ከዚያ በኋላ ከፊልሙ ይልቅ የአባቴን እጅ ነው ያየሁት። ቀኝ እጁ የሶፋውን መደገፊያ ጨብጧል። ወደ ታች ይጫነዋል። ገበሬው እርፉን ሲጫን እሱም ይጫናል። በሬዎቹ ከጫፍ ደርሰው ሲዞሩ እጁ ይላላል። ደግሞ ይጫናል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እርፍ ያልነካ እጅ ነው።

አባቴ የጭሰኛ ልጅ ነው። አርሲ ነው የተወለደው። አያቴ የሰው መሬት እያረሰ ከምርቱ ሲሶውን ያስረክብ ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር ደግሞ እጅ መንሻ አለ። አንድ ፋሲካ አባቴ በልጅነቱ በግ እየጎተተ ከአያቴ ጋር ሄደ። ከባለ መሬቱ ደጅ ከጠዋት እስከ ቀትር ቆሙ። በጉ ደክሞት ተኛ። እነሱ ግን መቀመጥ አይችሉም። ይህንን ሁሉ የነገረኝ ያን ምሽት፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ነው። ሳድግ፣ ስማር፣ ስመረቅ አንድ ቀን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ጎርፉ ጋ ደረስን። እረኛዋ ልጅ የጌታውን ላም ለማዳን ወንዝ ውስጥ ትገባለች። ላሟ የሷ አይደለችም። ላሟ ብትጠፋ ግን የሚመጣው በማን ላይ እንደሆነ ልጅቷ ታውቃለች። አባቴ ብድግ አለ። «ልቀቂያት!» አለ፣ ቴሌቪዥኑን። «ልቀቂያት የኔ ልጅ!» አልለቀቀቻትም። አባቴ ወደ ኩሽና ሄደ። ቧንቧውን ከፍቶ ቆመ። ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር።

አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም። ፊልሙን ግን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ባለፈው ወርም ለዛሬው ስዘጋጅ ቤቴ ውስጥ፣ በጠራ ቅጂ፣ ብቻዬን አየሁት። አንድ ነገር ልነግራችሁ የመጣሁትም ከዚያ በኋላ ነው።

ሰዉ ሁሉ «ጥሩ ነው፣ ግን ቀርፋፋ ነው» ይላል። ሁለት ሰዓት ተኩል ምን ይሠራል ይላል። ወገኖቼ፣ ባለ መሬቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ወንበሩን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ታች ሰው ጎንበስ ብሎ ይሠራል። እሱ ያያል፣ ይጮኻል፣ ፍጠኑ ይላል። አሁን ደግሞ እኛን እዩን። ሶፋ ላይ ተደላድለን፣ ሪሞት ይዘን፣ ያንኑ ገበሬ ፍጠን እንለዋለን! ወንበሩ ላይ ያለነው እኛ ነን! ያ ሰው ሕይወቱን ሙሉ ያረሰውን እኛ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብለን ማየት አቃተን። ኃይሌ ዝግተኛ ያደረገው መፍጠን ስላልቻለ አይደለም። ተቃውሞው ያለው እዚያው ዝግታው ውስጥ ነው። ንጉሡ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ እያሉ ይኩራሩበት የነበረውን ዘመን ወስዶ፣ «እስቲ ከታች ሆነህ ቁጠረው» አለን።

ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ይኸው ነው። አዋጁ ባለ መሬቱን አነሣው። ወንበሩን ግን አላነሣም። መሬቱ የመንግሥት ሆነ። ከዚያ ማን እንደተቀመጠበት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለ ሰው አልነግርም። የቤተሰቡ መቃብር ያለበት ሰው እዚህ አለ፣ መቃብሩን የማያውቅም አለ።

ስለዚህ በዚህ ፊልም የሚጣሉ ሁለት ወገኖች ያናድዱኛል። ፊልሙ ውስጥ ያለው ከበበ፣ ለአገሩ የተዋጋው፣ መሬቱን የተነጠቀው፣ እብድ የሚሉት ሰውዬ፣ ባለ መሬቱን በዱላ የሚገድልበትን ቦታ ብቻ ቆርጠው በስልክ ላኩልኝ። አንዱ «ንጉሡን ለማጠልሸት የተሠራ ነው» ብሎ። ሌላው «ደርግ ልክ ነበር ማለት ነው» ብሎ። ሁለቱንም ደውዬ ጠየቅኳቸው። ሁለቱም ፊልሙን ጨርሰው አላዩም! እረኛዋን አያውቋትም! የዚያች ልጅ ሞት ዓይናችሁ ውስጥ ሳይገባ ዱላውን ብቻ አንሥታችሁ እርስ በርስ አትማቱበት። ከበበን እብድ ያሰኘው ሌላው ፈርቶ የዋጠውን በአደባባይ መናገሩ ነው። እናንተ እየጮኻችሁ ያላችሁት ግን ከወገናችሁ መሃል ሆናችሁ ነው። እሱ ብቻውን ነበር።

ስለ ቅጂም አንድ ነገር ልበል። ኃይሌ በፈረንጆቹ 1993 «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልሙን ሲያወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልነካም አሉት። ከተማ ለከተማ እየዞረ አዳራሽ ተከራይቶ ራሱ አሳየው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤቱ ከዚያ ልፋት በኋላ የመጣ ነው። እኛ ደግሞ ካሴቱን እየቀዳን ተዋዋስን። እኔም አንዱ ነኝ፤ ነውር ነበር። መደርደሪያችን ላይ ያሉት ፊልሞች በሙሉ ተገዝተው የመጡ ናቸው።

ልጆቻችሁን አምጡ። አማርኛው ካልገባቸው አጠገባቸው ተቀመጡ፣ በጆሯቸው ንገሯቸው። ሌላ ዘዴ የለኝም።

አሁን ፊልሙ ይጀምራል። ሪሞቱን ከኋላ ለተቀመጡት እትዬ ሰጥቻቸዋለሁ። ቦርሳቸው ውስጥ ከተውታል፣ ለማንም አይሰጡም። ሻይና ዳቦ በር ጋ አለ። መብራቱን አጥፉልን።