ውሃው የሚያርፍበትን ቦታ እንተውለት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ እንኳን ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

ዘንድሮ የምንመክረው ስለ ረግረግ ነው። ረግረግ በእኛ ዘንድ መልካም ስም የለውም፤ እግር የሚይዝ፣ ወባ የሚያፈላ ቦታ ነው። እኛንም የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያዎችን ብዙ ጊዜ የሚጠሩን እንድናደርቀው ነው።

በሰሜን እስራኤል የሚገኘው የሁላ ሸለቆ ይህንኑ ዕጣ አይቷል። የነበረውን ሐይቅና ረግረግ እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1958 ቦይ እየቆፈሩ አደረቁት። ወባ እንዲጠፋ፣ የእርሻ መሬት እንዲገኝ ነበር። ነገር ግን ከደንገልና ከሣር ብስባሽ ለዘመናት የተከማቸው ጥቁር አፈር ውሃው ሲለየው ተሰነጠቀ፤ ከሥር እየጨሰ ነደደ፤ ነፋስ አቦነነው፤ መሬቱም እየሰመጠ ሄደ። ከአፈሩ የታጠበው ናይትሬት የሚባል ውሃ የሚበክል ንጥረ ነገር ወደ ገሊላ ባሕር ወረደ። በ1994 ከሸለቆው ጥቂቱን መልሰው በውሃ ሸፈኑት፤ አጋሞን አሉት። ጠፋች ተብላ የተመዘገበች የሁላ እንቁራሪትም በ2011 በዚያው ሸለቆ ተገኘች።

ከዚያ ንድፍ እኔን የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር ነው። ጎብኚዎች ትራክተር በሚጎትተው ረጅም ጋሪ ላይ ተቀምጠው በወፎቹ መካከል ያልፋሉ። ክሬን የሚባሉት ግራጫ ባለረጅም እግር ወፎች በቆሎ የሚበተንላቸው ከትራክተር ስለሆነ አይሸሹትም። ንድፉ የተነሣው ከወፏ ልማድ ነው።

እነዚህ ወፎች ለእኛ እንግዳ አይደሉም። በዚያ በኩል የሚያልፉ ክሬኖች እስከ ጣና ይዘልቃሉ፤ እህል በተነሣበት ማሳ ላይ ሲለቅሙ ገበሬዎቻችን በየዓመቱ ያዩአቸዋል።

አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት በአንዲት ከተማ ዳር ያለ ኩሬ እንዳስውብ ተሰጠኝ። ዳሩን በጥርብ ድንጋይ ቀጥ አድርጌ አስገነባሁ፤ በምርቃቱ ዕለት ሁሉም አደነቀው። በዓመቱ ስመለስ በኩሬው ላይ አንዲት ወፍ አልነበረችም። ከግንቡ ማዶ ግን ሠራተኞቹ ሳይደለድሉት የቀረ ጉድጓድ የክረምት ውሃ አቁሮ፣ ፊላ በቅሎበት፣ አንዲት ሽመላ በአንድ እግሯ ቆማ እንቁራሪት ትጠብቅ ነበር። ቁርጭምጭሚት እንኳ የማይሞላ ውሃ ነው የፈለገችው።

ስለዚህ ዳርቻ ስትነድፉ ጠመዝማዛ ይሁን፤ ወደ ውስጥ 10 ሜትር ተገብቶ 1 ሜትር እንኳ ባይጠልቅ ይመረጣል። የእግር መንገዱ ሐይቁን ሁሉ አይዙር፤ ሰው የማይደርስበት ወገን ይኑር። ደንገል አጭዶ ታንኳ ለሚሠራው ሰው ግን መግቢያ ተዉለት፤ ደንገሉን ከማናችንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ካርታ ከመዘርጋታችን በፊት እርሱን እንጠይቅ።

በዚሁ ጉባኤያችን መከፈቱን እገልጻለሁ። ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወደ ሐይቁ ዳር የሚወስደን አውቶቡስ ከሆቴሉ በር ይነሣል፤ ጭቃ የሚችል ጫማ አድርጉ።